«ሐጀር» ሲሉ እኔን መስሎኝ

ከሄድኩበት ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ፊቴን ሳይሆን ግራ ክንዴን ነው። «ውይ! ጂዳ ሰው ይደበድባሉ እንዴ?» አለችኝ የጎረቤታችን ልጅ። ማንም አልደበደበኝም። የመታኝ ድንጋይ ነው። ድንጋዩም ቢሆን እኔን ብሎ አልመጣም፤ እኔው ነኝ ከተጠለልኩበት ወጥቼ የተቀበልኩት። ይህን ለእያንዳንዱ ጠያቂ ሳስረዳ አፌ ስለደከመ፣ ቀኝ እጄ ደግሞ ደህና ስለሆነ፣ ልጽፈው ቁጭ አልኩ። የአማርኛ አስተማሪያችን አምና ድርሰቴን ለክፍሉ አንብበው «ይቺ ልጅ እጅ አላት» ብለውኛል። እጅ እንዳለኝማ ይኸው አንዱ በጀሶ ተጠቅልሎ ለሁሉ ይታያል!

ጂዳንም መካንም ለማታዩት ነው የምጽፈው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እነሣለሁ።

ስሜ ሃጀር ነው። አባቴ አገር የለቀቀው እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነው። በዚያ የወጣ ልጅ ወደ ቤቱ በማይመለስበት ዘመን በአሰብ በኩል በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የማውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ዘንድሮ አጎቴ ሰይድ፣ ማለት የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ለዑምራ ጸሎት ወደ መካ መሄጃ ፈቃድ አገኙ። እኔም አባቴን እንዳይ አብሬያቸው እንድሄድ ተፈቀደልኝ። ሰው ሁሉ «ወርቅ አምጪ»፣ «ሽቶ አምጪ» ሲለኝ እኔ በሆዴ የያዝኩት ሌላ ነበር። አባቴ በገዛ አፉ «ሃጀር!» ብሎ ሲጠራኝ ለመስማት ነበር የምሄደው። የጓደኞቼ አባቶች ደጅ ቆመው ሲጠሯቸው እነሱ «አቤት» ማለት እንኳ ይሰለቻቸዋል። እኔ ለአባት የሚባለውን «አቤት» ሳልጠቀምበት አስቀምጬው ኖሬያለሁ።

ከደሴ የወጣን ዕለት

ጉም ነበር። የጦሳ ተራራ አናቱ አይታይም። እናቴ ከአውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆማ የሸኘችኝ እያለቀሰች ሳይሆን እየተቆጣች ነው። «ሹራብሽን እንዳታወልቂ! ሰምተሻል?»

«ለአባዬ ምን ልበልልሽ?» አልኳት።

«ምንም። ደህና ናት በይው።»

አውቶቡሱ ሲነቃነቅ ግን በመዳፏ ቆርቆሮውን መታ መታ አደረገችው፤ የሚሄድ በቅሎ ቂጥ እንደሚመታ።

ኬላ በደረስን ቁጥር ወርደን የይለፍ ወረቀት እናሳያለን፣ ተመልሰን እንሳፈራለን። ሸዋ ሮቢት ላይ ብርቱካን በላን። ከፊታችን የተቀመጠች ሴትዮ ወንበሯ ሥር ዶሮ አስራ ኖሮ፣ ዶሮዋ ከከሚሴ ጀምራ የአጎቴን ተረከዝ ትጠቀጥቃለች። አጎቴ ግን ለመካ የሚሄድ ሰው አይቆጣም ብለው ዝም አሉ። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ገብተን ሲጨልም አልቻሉም፤ «እንግዲህ ይቺን ዶሮ ወይ ሽጪልኝ ወይ እረጂልኝ!» ብለው ጮኹ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። በዚያ መንገድ ላይ እንደዚያ የተሳቀ እንደሌለ አሁን ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳቅ አልነበረም።

አዲስ አበባ መርካቶ አጠገብ አንድ አልጋ ቤት አደርን። ብርዱ የደሴ ብርድ ነው፣ ጫጫታው ግን የአራት ደሴ ነው። ወረቀታችን ላይ የቀረውን ማኅተም አስመትተን ስንጨርስ አጎቴ ወረቀቶቹን ሁሉ በጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አሰሩ። ሲተነፍሱ ይንኮሻኮሻሉ።

የበረርንበት ቀን

አውሮፕላን እንደሚወራው አያስፈራም። የሚያስፈራው ከአጎቴ አጠገብ መቀመጥ ነው፤ ክንዴን ጨምድደው ይዘው ያሲን የሚባለውን የቁርኣን ምዕራፍ ሲቀሩ ጣታቸው ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ከደሴ ተነሥቶ ወልድያ ባልተደረሰበት ጊዜ ውስጥ ባሕሩን ተሻገርን። አባቴ በጀልባ ስንት ሌሊት እንደፈጀበት እያሰብኩ ቁልቁል አየሁ። ውሃው ከላይ ሲታይ የተጣጠፈ ሐር ይመስላል። ሰው የሚሰጥምበት አይመስልም።

በሩ ሲከፈት የገባው አየር፣ የዳቦ ቤት ምድጃ ፊት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። ሹራቤን ያወለቅኩት እዚያው ደረጃው ላይ ነው፤ እናቴ ይቅር ትበለኝ።

አባቴ ከፎቶግራፉ ያጥራል። ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ጉትራ የሚሉትን ቀይ ጥለት ያለው የራስ ጨርቅ ጣል አድርጎ ቆሟል። አጎቴን ሲያይ ሁለቱም ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን ተላቀሱ። እኔ ሻንጣውን ይዤ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ፤ እጁን ራሴ ላይ አደረገ።

«ማሻአላህ… አደግሽ» አለ።

ከንፈሩን እየተመለከትኩ ነበር። «ሃ» ልትወጣ ነው ብዬ።

«ያላ ያ ቢንት፣ መኪናው ቆሞብናል» አለ።

ያላ ማለት እንሂድ ነው። ያ ቢንት ማለት ደግሞ አንቺ ልጅ ማለት ነው። እንደማንኛዋም ልጅ።

ጉለይል

የአባቴ ቤት ጉለይል በሚባል ሰፈር ነው፤ አሮጌ ፎቅ፣ ደረጃው ጨለማ፣ ግድግዳው ላይ የልብስ ገመድ የተወጠረበት። አባቴ የወደብ መጋዘን ዘበኛ ነው። በክፍሉ የሚኖረው ከሌሎች የወሎ ሰዎች ጋር ነው፤ እነሱ እኛ ስለመጣን ክፍሉን ለቀው ሰገነቱ ላይ ማደር ጀመሩ። ሲገቡና ሲወጡ እኔን እንዳያዩ አንገታቸውን አቀርቅረው «አሰላሙ ዓለይኩም እህታችን» ብለው ያልፋሉ። ምን ዓይነት ደግ ሰዎች ናቸው! ግን ደግነታቸው ሁሉ ከእኔ በመራቅ ነው የሚገለጸው።

ቀን ቀን ብቻዬን ነኝ። አባቴ ሥራ ላይ ነው። አጎቴ ከሶላት በኋላ ከአገር ሰዎች ጋር ሻይ ቤት ይውላሉ። «ማንም ቢያንኳኳ አትክፈቺ» ተብያለሁ። መስኮቱ የሚያየው ሌላ ግድግዳ ነው። የማቀዝቀዣው መኪና ከመስኮቱ ላይ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፤ ሳጠፋው እቀልጣለሁ፣ ሳበራው ይበርደኛል። የቧንቧው ውሃ በቀትር ፈልቶ ነው የሚመጣው፤ እናቴ ይህን ብታይ «የማገዶ ወጪ ቀረ» ትል ነበር። የመጀመሪያ ቀን ፊቴን ልታጠብ ብዬ ተላጥኩ።

ደሴ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ታውቃላችሁ? ሰው ብቻውን ቢሆን ጎረቤት «ምን ሆነ?» ብሎ ይመጣል። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ግን በግድግዳ ማዶ ሰው ሲያስል እሰማለሁ፤ ሕፃን ሲያለቅስ እሰማለሁ፤ ፊታቸውን አላውቀውም። አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ዝም አልኩ። እንደገና ተንኳኳ፤ ከዚያ የሳህን ድምፅ መሬት ላይ ቀጭ አለ። ኮቴው ሲርቅ ከፈትኩት። ትልቅ የምድጃ ቂጣና ፉል ነበር፣ ላዩ ላይ ሽንኩርት ተነስንሶበት። ለካ ጎረቤቲቱ አንዲት ልጅ ብቻዋን እንደምትውል ሰምታ ኖሯል። ሳህኑን አጥቤ በሯ ላይ አስቀመጥኩት። ባዶ ሳህን መመለስ ነውር ስለሆነ ከሻንጣዬ በሶ አወጣሁና ሞላሁበት። በማግስቱ ሳህኑ ሩዝና ዶሮ ይዞ ተመለሰ። እስክንሄድ ድረስ እንዲህ በሳህን ስናወራ ሰነበትን፤ አንድም ቀን ፊቷን አላየሁም።

ማታ አባቴ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነው። አንተ ልበለው ወይስ እርስዎ? እኛ ሰፈር አባቱን አንተ የማይል የለም። ግን የማያውቁትን ትልቅ ሰው አንተ ይሉታል? ስለዚህ አዲስ ሰዋስው ፈጠርኩ። «ውሃ ይፈለጋል?» እላለሁ። «እራት ይቅረብ?» እላለሁ። እሱም የእኔኑ ሰዋስው የተማረ ይመስል «ተበልቷል?» ይለኛል። አጎቴ በመሐል ቁጭ ብለው አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያዩ «እናንተ ልጆች፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው ያላችሁት?» አሉን።

ሱቅም አብረን ወጣን። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። ወደ ኋላ ስቀር ዞሮ «ያ ቢንት!» ይላል። አንዴማ፣ ወላሂ አልዋሽም፣ «ያ ወለድ!» አለኝ። ወለድ ወንድ ልጅ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ከአጠገቤ ወንድ ልጅ አለ እንዴ ብዬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። እዚያ ገበያ መሐል፣ ያ ሁሉ ሰው እየተጋፋ፣ ስም እንደሌለኝ ተሰማኝ።

የመካ መንገድ

አባቴ ከከፊሉ፣ ማለት ኃላፊነት ወስዶ እዚያ አገር ከሚያኖረው አሠሪው፣ ፈቃድ ለምኖ መካ ወሰደን። መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ አንድም ጠመዝማዛ የለም፤ ሆዴ እንኳ ጣርማበርን ናፈቀ። ዳር ዳሩን የሚታየው ጥቁር የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ነው። ሣር የለም። ዛፍ የለም። ጦሳን ልብሱን አውልቀው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ይመስላል።

ያረፍንበት ቤት ዑተይቢያ ሰፈር ነው፤ እትዬ ፋጡማ ዘንድ። አያቶቿ ከወሎ ለሐጅ ሄደው እዚያው የቀሩ ናቸው። ደሴን አይታት አታውቅም፤ ግን «ጦሳ እንዴት ነው?» ብላ እንደ ዘመድ ጠየቀችኝ። ልጇ ሱመያ የእኔ እኩያ ናት። አማርኛዋ ደግሞ እንዲህ ነው፦ «ታዓሊ ግቢ! ሻሂ ትጠጫለሽ ወላ ሞያ? አና አማርኛ ሹወያ ሹወያ ነው የማውቀው፣ አትሳቂብኝ፣ ኸላስ?» ሞያ ውሃ ነው፤ ሹወያ ደግሞ ትንሽ።

«እሺ። አንቺም በአረብኛዬ አትሳቂ።»

«አንቺ አረብኛ የለሽም እኮ!»

«ስለዚህ ነዋ!»

በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደድኳት። ስሜን ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «የስቲና ሃጀር ስም!» አለች። እመቤታችን ሃጀር ማለቷ ነው።

ዑምራውን አደረግን። የሐረሙን፣ የታላቁን መስጊድ፣ ነገር ልጽፈው ሞከርኩና ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ገና እጄ አልደረሰም። ስለ ሰፋና መርዋ ብቻ ልናገር። የስሜ ባለቤት በዚያ በረሃ ከሕፃኗ ጋር ብቻዋን ቀርታ፣ ውሃ ፍለጋ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው የሮጠችበት ነው። አሁን ጣሪያና እብነ በረድ አለው። ከአንድ ምልክት እስከ አንድ ምልክት ወንዶቹ ሶምሶማ ይሮጣሉ፤ ሴቶቹ ይራመዳሉ። የሮጠችው ሴት፣ ዛሬ የሚሮጡት ወንዶች! ይህን ለአጎቴ ብነግራቸው «ዝም ብለሽ ዚክር አድርጊ» አሉኝ። ዝም ብዬ አሰብኩ እንጂ። ያን ጊዜ በዚያ ሸለቆ ሰው አልነበረም። ስሟን የሚጠራት አልነበረም። አባቴ ከፊቴ እየሮጠ ነበርና ጀርባውን አየሁት።

ማታ ለሱመያ አወጣሁላት። «አባቴ አንድ ቀን እንኳ በስሜ አልጠራኝም። የሚያውቀውም አልመሰለኝም።»

ሱመያ ሳቀች። «ያ ማጅኑና! በገበያ ስምሽን ይጥራ? ዓይብ ነው፣ ነውር! እዚህ ወንድ የሚስቱን የልጁን ኢስም በወንዶች ፊት አይጠራም። እኔንም አቡዬ ሱቅ ውስጥ ‹ያ ወለድ› ነው የሚለኝ። ሲያከብርሽ ነው፣ ገባሽ፣ ፋህማ?»

«ቤት ውስጥስ? ቤት ውስጥ ወንድሙ ብቻ ነው ያለው።»

ሱመያ ጸጉሬን ልትሠራኝ ተነሣች።

ጀበል ኑር

በማግስቱ አባቴ ጀበል ኑርን ላሳያችሁ አለ፤ ነቢዩ ይጸልዩበት የነበረው የሒራ ዋሻ ያለበትን ተራራ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ሄድን። አጎቴ ጉልበታቸውን እያሹ ሽቅብ አዩና «እኔ ከዚህ ሆኜ በልቤ ኒያ አደርጋለሁ» ብለው ግርጌው ላይ ከሻይ ሻጭ አጠገብ ተቀመጡ። አባቴ፣ ሱመያና እኔ መውጣት ጀመርን።

መንገዱ የሰው እግር ያበጀው ነው፤ ትልልቅ ድንጋይ፣ በመሐሉ ልቅ ጠጠር። ሰው ብዙ ነው። ቁልቁል የሚመጣው ከሽቅቡ ጋር ይጋፋል፤ አንዳንዱ ቸኩሎ መንገዱን ትቶ በአቋራጭ ይቧጥጣል። አባቴ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ጉትራውን አውልቆ አንገቱ ላይ ጠመጠመና ቆመ፤ ከዚያ ከመጣሁ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀውን ያህል ተናገረ፤ በጥርት ያለ የደሴ አማርኛ።

«ስሚኝ። ድንጋዩን በእግርሽ ጫፍ ሳትጠይቂው ክብደትሽን እንዳትሰጪው። ከእኔ በቀጥታ በታች አትሁኚ፤ በጎን በጎን ነይ፤ እኔ የማንከባልለው አንቺን እንዳያገኝሽ። የምትይዢውን ወደ ራስሽ አትሳቢው፣ ወደ ታች ተጫኚው። ስናርፍ ከጥላ ሥር እንጂ ከገላጣ ላይ አይደለም። ጩኸት ከሰማሽ ደግሞ ሽቅብ አትዪ! ሰውን የሚያስመታው ልይ ማለቱ ነው። ከገደሉ ተለጠፊ፣ እጅሽን ከራስሽ በላይ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ጦሳ ላይ ጭራሮ ስንለቅም ‹ናዳ!› ከተባለ እንደ እንሽላሊት ነው የምንለጠፈው።»

ሳቀ! ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ እንደ እኔ አንዱ ጥርሱ በሌላው ላይ ተደርቧል። «እንግዲያው የጦሳ ልጅ ነሻ» አለኝ።

ደሴ የኖረ ሰው ድንጋይ ከላይ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ ነው የሚያድገው። ክረምት ሲገባ እናቶች «ዛሬ ወደ ላይ አትውጡ፣ መሬቱ ጠግቧል» ይላሉ። ስለዚህ እሱም እኔም ሁሉን የተነጋገርን መሰለን። አንድ ነገር ግን ሁለታችንም አላሰብንም፤ መካ ውስጥ «ናዳ!» ብሎ የሚጮህ ማን ነው?

ከወገቡ በላይ ስንደርስ አንድ እንደ ጣሪያ የወጣ ድንጋይ አገኘን። ሥሩ ጥላ ነው። «እዚህ ተቀመጡ። ፊት ያለው መንገድ ሰው ቀለል ብሎለት እንደሆነ አይቼ እመጣለሁ» ብሎ አባቴ ወደ ላይኛው መታጠፊያ ወጣ። እኔና ሱመያ ጀርባችንን ለገደሉ ሰጥተን ውሃ ጠጣን። መካ ከታች ነጭ በነጭ ሆና ትታያለች። ሳቁ ገና ሆዴ ውስጥ ይሞቀኝ ነበር።

ከዚያ ከላይ ሰው ጮኸ። «ሐጀር!»

ቀና አልኩ። ሌላ ድምፅ፣ «ሐጀር! ሐጀር!»። ብዙ ድምፅ። ተራራው በሙሉ እየጠራኝ ነው! ከሁሉም መሐል ደግሞ አንድ የማውቀው ድምፅ፣ የአባቴ ድምፅ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ «ሐጀር!»

ሱመያ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። ወንድ በወንዶች ፊት የልጁን ስም አይጠራም። እሱ ግን ያ ሁሉ ወንድ እየሰማ፣ በተራራ ላይ ሆኖ፣ ለእኔ ብሎ ጠራኝ! ልቤ እንዴት እንደዘለለ ልጽፈው አልችልም።

«አቤት!» ብዬ ጮህኩ። «አቤት አባዬ!» ብዬ ከጥላው ሥር ዘልዬ ወጣሁ። ገላጣው ላይ ቆሜ ሽቅብ አየሁ።

የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ነበር። አንዴ ነጥሮ አየር ላይ ሲሆን አየሁት፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ ይመስል ነበር። ሱመያ ከኋላዬ የዓባያ ቀሚሴን ጨምድዳ ሳበችኝ፤ ጨርቁ ሲቀደድ ሰማሁ። ወደ ኋላ ስወድቅ ድንጋዩ ራሴን ስቶ ክንዴ ላይ አረፈ። ከዚያ እየተንከባለለ ወደ ታች ሄደ፤ ከታችም ሰዎች «ሐጀር! ሐጀር!» እያሉ ጮኹ። መሬት ተኝቼ፣ እነዚህስ ከየት ነው የሚያውቁኝ ብዬ አሰብኩ።

አባቴ መንገዱን ትቶ በጠጠሩ ላይ በቂጡ እየተንሸራተተ መጣ፤ እኔን አታድርጊ ያለኝን ሁሉ እያደረገ። እየጮኸ ነበር። የሚጠራው ግን ሃጀርን አልነበረም። ያ ቢንትም አላለም። ሌላ ስም ነው የሚጠራው፤ ሰምቼው የማላውቀውን ስም፤ ደጋግሞ፣ እያለቀሰ፣ ያ ሁሉ ወንድ እየሰማው። ሌላ ልጅም ተመታች እንዴ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ።

ጉትራውን ቀድዶ ክንዴን ከደረቴ ጋር አሰረው። አዘለኝ። ስንወርድ የማናውቃቸው ሰዎች በየቋንቋቸው መንገድ ከፈቱልን፤ አንድ ግዙፍ ጥቁር ሐጂ እጆቹን ዘርግቶ ከበላያችን ቆመና እኛ እስክናልፍ ድረስ ማንንም አላስወርድ አለ። ከአባቴ ጀርባ ላይ ሆኜ፣ ሕመሜ መሐል፣ አንገቱ የሚሸተውን ሸተትኩ። የወደብ ጨው ነው።

ከዚያ በኋላ

ሐኪም ቤት ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ ስሜን ጠየቀ። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ «ሃጀር» አለ።

ያ ነበር። ያንን ለመስማት ነው ባሕር የተሻገርኩት። ለእስክሪብቶ ነበር የተነገረው፤ እኔም «አቤት» ሳልል ቀረሁ።

ማታ ሱመያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስተማረችኝ። «ሐጀር ድንጋይ ነው! ‹ድንጋይ መጣ› ነው ያሉሽ እኮ። የድንጋዩ ሐ ከጉሮሮ ነው፤ መስታወት ላይ እንደምትተነፍሺ፣ ሐ! የስቲና ሃጀር ግን ከደረት ነው፣ ጠዊል፣ ረጅም ነው፣ ሃ… ጀር። ሁለቱ ዋሒድ አይደሉም!»

«ለእኛ ዋሒድ ናቸው» አልኳት።

እኛ ትምህርት ቤት ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ብለን እንቆጥራለን፤ ስናነባቸው ግን ሁሉም አንድ ናቸው። አንድ ከሆኑ ሦስት ምን ያደርጋሉ ብዬ አስተማሪያችንን ጠይቄ «ድሮ ድምፃቸው ይለያይ ነበር» ብለውኛል። ፊደል አለመለየት አጥንት እንደሚሰብር ግን አልነገሩኝም። ተሳሳቅን፤ ስስቅ ክንዴ አመመኝ፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ እንጃ አለቀስኩ። ሱመያ መብራቱን ዝቅ አደረገችው።

ጠዋት አጎቴን ጠየቅኳቸው። «አጎቴ፣ አባዬ ተራራው ላይ አንድ ስም ሲጠራ ነበር።» ስሙን ነገርኳቸው። «ማን ናት?»

ሻያቸውን አስቀመጡ።

«አንቺ ነሻ» አሉ። «ሃጀር የወረቀት ስምሽ ነው። እሱ ከተወለድሽ ጀምሮ በዚያ ነበር የሚጠራሽ፣ በዚያ ስም ሌላ ማንም አይጠራሽም ነበር። ከሄደ በኋላ እኛ እሱን ተክተን እንጥራት ብንል፣ ስሙን ሰው ባነሣ ቁጥር አንቺ ወደ በሩ ትዞሪያለሽ። ድክ ድክ እያልሽ በሩ ድረስ ሄደሽ ትቆሚያለሽ። እናትሽ አልቻለችም። ‹ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ያንን ስም የሚያነሣ እንዳይኖር፣ ሃጀር በሏት› አለች።»

«ታዲያ እሱ እዚህ ስመጣ ለምን አልጠራኝም?»

«ጠይቄዋለሁ። ‹ያደገችን ልጅ በሕፃንነቷ ስም እንዴት ብዬ ልጥራ? ሃጀር የምትባለዋን ደግሞ አላውቃትም› አለኝ።»

የቀሩት ቀኖች ጥቂት ነበሩ። ጉለይል ተመለስን። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ጉርሻ ያጎርሰኛል፤ እኔም አንተ እለዋለሁ። ከዚያ ስለ ደሴ ይጠይቀኛል፤ የትኛው ቤት ፈረሰ፣ ማን ሞተ፣ ጦሳ ላይ ባሕር ዛፉ አለ ወይ። ስለ እናቴ አይጠይቅም። እኔ ግን «ደህና ናት» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ትንሽ ቆይቶ «ደህና ናት?» ብሎ እንደገና ጠየቀኝ። በመሐል በዚያ ስም ይጠራኛል። መጀመሪያ ዝም እል ነበር፤ ሲቆይ ለመድኩት፤ ልክ ስለምደው የመሄጃችን ቀን ደረሰ።

አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጣ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ማለፍ አይፈቀድለትም። አገር መግባትም አይችልም። ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፁ አልተሰማም። ምን እንዳለ ግን አውቃለሁ። በከንፈሬ «አቤት» አልኩት።

ቤት ስገባ እናቴ መጀመሪያ ስለ ክንዴ ጮኸች፤ ከዚያ ስለ ሹራቡ ጮኸች። ሲበርድላት ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት እየከተፈች «ምን ብሎ ጠራሽ?» አለች። በጆሮዋ ነገርኳት። ቢላዋው ቆመ። አልዞረችም። «አልረሳውም» አለች፤ እንደገና መክተፍ ጀመረች።

ያንን ስም እዚህ ደሴ ማንም አይጠራኝም። እናቴም አልሞከረችውም። ብዙ ቀን ደጅ ስቀመጥ በውስጤ ራሴው እለዋለሁ፤ የራስ ድምፅ ግን አይሆንም። ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ሁሉን ጽፌላችኋለሁ፤ ይህን ግን ፈልጋችሁ ብታጡት ረስቼው አይደለም። ከተጻፈ ማንም ያነበዋል። አንብቦ አንዱ ቢጠራኝ ደግሞ፣ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ወደ በሩ መዞሬ አይቀርም።